በጧፍ ሰም የተለጠፈው ጅብ

ባለፈው ነሐሴ፣ ጉሙ ከዓባይ በረሃ ወጥቶ የመካነ ሰላምን ቀትር እንደ ምሽት ባጨለመበት አንድ ቀን፣ ከጨርቅ የቆረጥሁትን የድኩላ ሥዕል ብርድ ልብስ ላይ በካውያ እያጣበቅሁ ሳለ መብራት ጠፋ። ጧፍ ለኩሼ ሥራዬን ልጨርስ ስል የሰም ጠብታ ጨርቁ ላይ ወደቀ፤ ካውያው ገና አልበረደም ነበርና ሳላስበው በጠብታው ላይ አስኬድሁት። ወዲያው አንድ ሽታ ተነሣ። የሰም፣ የአሮጌ ጥጥና የጋለ ብረት ሽታ ነው፤ ከላይ ከላይ ማር ማር ይላል፣ ከሥሩ ግን የተለበለበ ፀጉር ይሸታል። ይህን ሽታ ከልጅነቴ ወዲህ አሽትቼው አላውቅም። ካውያውን አቁሜ ባለሁበት ቀረሁ። ከኋላዬ አንዲት ትንሽ ልጅ የሰው ስም ስትጠራ የሰማሁ መሰለኝ፤ ዞር ስል ከጨርቅ ክምርና በመስኮቱ ከሚገባው ጉም በቀር ማንም አልነበረም።

በዚህ አገር የእንስሳት ሥዕል ያለበት ብርድ ልብስ መሥራት የጀመርሁት እኔ ነኝ። ይህን የምለው ለመኩራራት ሳይሆን እውነት ስለሆነ ነው፤ እውነት ሆኖ ካኮራኝ ደግሞ ጥፋቱ የእኔ አይደለም። ስፌት ያስተማረኝ የለም፣ ሥዕል ያስተማረኝ የለም፣ ፊደልም ቢሆን አባቴ ላስተምርህ ሲል እኔ ቀድሜ ከዳዊቱ ላይ በራሴ ለቅሜው ነበር። አሠራሬ እንዲህ ነው፤ የእንስሳውን ቅርጽ ከጨርቅ እቆርጣለሁ፣ ከጀርባው በሙቀት የሚቀልጥ፣ እንደ ሸረሪት ድር የሳሳ ማጣበቂያ አደርግበትና በካውያ ተጭኜ ከመደቡ ጨርቅ ጋር አዋህደዋለሁ፣ ከዚያ ዳር ዳሩን እሰፋዋለሁ፤ ጠርዙን ግን አላጥፈውም። ያልታጠፈ ጠርዝ በታጠበ ቁጥር ይተረተራል፣ ክሩ እየወጣ እንደ ፀጉር ይቆማል። የከተማው ልብስ ሰፊዎች ይህን እንደ ነውር ያዩታል፤ እኔም «ጠርዙ የታጠፈ አንበሳ አይታችሁ ታውቃላችሁ?» እላቸዋለሁ። ዛሬ ለልጆቻቸው ሊያሠሩ ከማሻም ከኩታበርም ሰዎች ይመጣሉ። ከአዲስ አበባ የመጣች አንዲት ልጅ «ጋሼ፣ ፈረንጆችም እኮ እንዲህ ይሠራሉ» ብትለኝ፣ «ታዲያ ማን ነገራቸው?» አልኋት።

የጀመርሁት ግን በኩራት አልነበረም። እህቴ እንዳትሞት ብዬ ነው።

ቤታችን ከመካነ ሰላም የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ፣ ገደል አፋፍ ላይ ከተተከለች ቤተ ክርስቲያን ሥር ነበር። አባቴ የደብሩ ቄስ ሆኖ፣ ከቅዳሴ ሲመለስ ደግሞ እንደማንኛውም ሰው በሬ ጠምዶ ያርስ ነበር፤ እናቴ ቁራጭ ጨርቅ በቁራጭ ላይ እየደረተች ወፍራም ድሪቶ በመስፋት ትታወቅ ነበር። ከእኔ በፊት አንድ ልጅ ክርስትና ሳይነሣ ሞቷል። ከእኔ በኋላ ዳምጤ ተወለደ፤ በሁለት ዓመት ይከተለኝ ነበር፣ ሲስቅ ዓይኑ ይጠፋል፣ ሲሮጥ ትከሻው ከወገቡ ይቀድማል። ሰባት ዓመት በሆነኝ ክረምት ትኩሳት ይዞት በሦስተኛው ቀን ሞተ።

ከተቀበረ በኋላ «ዳምጤ» የሚለው ስም በቤታችን ውስጥ አይጠራም ነበር። አባቴ በጸሎት ሲያነሣው በክርስትና ስሙ «ኃይለ ማርያም» ይለው ነበር፤ የነፍስ ስም እሱ ነውና። የቤት ስሙን ግን ሞት ያውቀዋል፣ ከጠሩት ዱካውን ይዞ ይመለሳል እየተባለ ይፈራ ነበር። እኔም ስሙ አፌ ላይ ሲመጣ እንደ ትኩስ ድንች ከጉንጭ ወደ ጉንጭ እያገላበጥሁ እውጠው ነበር። በዓመቱ እህቴ ተወለደችና ካሰች ተባለች፤ የጠፋውን ካሰች ማለት ነው። እናቴ ግን የተካሰች አትመስልም ነበር። ልጅቷ ባስነጠሰች ቁጥር ቀና ብላ በሩን ታይ ነበር።

ካሰች ድክ ድክ ማለት በጀመረችበት በጋ፣ ጥር ላይ፣ እናቴ ልጅ ካልሞተባቸው ሰባት ቤቶች ጨርቅ ለመለመን ተነሣች። የቆየ ልማድ ነው፤ ልጅ የሚሞትባት ሴት፣ ልጅ ከበረከተበት ቤት የወጣ ቡትቶ ሰፍታ ለተረፈው ልጅ ታለብሰዋለች። ሕጉ አንድ ነው፦ ሞት ከገባበት ቤት ክር እንኳን እንዳይቀላቀልበት። የራስም ቤት ቢሆን። ይህን እናቴ በየመንገዱ ደጋግማ ትነግረኝ ነበር፤ እኔም ከረጢቱን ተሸክሜ ከኋላዋ እሰማ ነበር።

ብዙ ጨርቅ የሰጠችን ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ ነበረች። ዘጠኝ ወልዳ ዘጠኙም በሕይወት አሉ። እናቴ ደጃፏ ላይ ቆማ ጉዳይዋን ስትነግራት፣ እትዬ ዘሀራ ከልጆቿ ላይ አሮጌ አሮጌውን መግፈፍ ጀመረች።

«አብሽሪ እታለም፣ ጨርቅ ብቻ ምን ያደርግልሻል? ይሄን ሦስተኛውን ልጄን ጨምሬ ልስጥሽ፤ ብቻውን የበሬ ያህል ይበላል።»

«ምነው ዘሀራ፣ አላህ ሲሰማሽ!»

«ይስማኝ እንጂ! እሱ አይደል የሰጠኝ» አለችና ሳቀች፤ ወደ እኔም ዞር ብላ «አንተስ የቄስ ልጅ፣ መርፌ ትይዛለህ አሉ። ወንድ ልጅ መርፌ ከያዘ ሚስቱን ማን ያገባታል?» አለችኝ። እናቴ ያን ቀን ሳቀች። ከዚያ በፊት መቼ እንደሳቀች አላስታውስም ነበር።

የበልግ ዝናብ ሲጀምር ስፌቱም ተጀመረ። እናቴ ቁርጥራጩን አራት ማዕዘን እያደረገች ስትደርት፣ እኔ በመቀሷ ከቀይ ቡትቶ አንድ አውራ ዶሮ ቆርጬ መደቡ ላይ አስቀመጥሁት። ቆንጆ ነበር፤ ችግሩ መርፌ ሲነካው መሸሹ ነው። መላውን ያገኘሁት ከአባቴ ኪስ ነው። የጧፍ ቁራጭ በኪሱ ይዞ ይመጣ ነበርና፣ አንድ ቀን ፀሐይ ላይ ውሎ ሰሙ ቀልጦ የኪሱን ሁለት ፊት አጣብቆት አየሁ። የሌላ ሰው ልጅ ቢሆን ስቆ ያልፋል፤ እኔ ግን ሰሙን የዶሮው ጀርባ ላይ አሸሁት፣ ያረጀ ማረሻ ፍም ውስጥ ከትቼ አጋልሁት፣ አመዱን ጠርጌም ዶሮው ላይ ተጫንሁት። ያ ሽታ ያን ጊዜ ነው የተወለደው። ዶሮው መደቡን ይዞ ቀረ። እናቴ ጠርዙን ልጠፈው ስትል እንቢ አልሁ፤ ላባው ይሰበራል ብዬ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ዛሬ ሰው መኪና ይዞ ሊማረው የሚመጣውን ጥበብ በማረሻና በጧፍ ቁራጭ ጨርሼው ነበር።

ከዶሮው በኋላ ርግብ፣ ፈረስ፣ አንበሳና ጭላዳ ሠራሁ። አሣሣሉን የለቀምሁት አባቴ ሲጸልይ ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ነው። እዚያ ግድግዳ ላይ አንድ ነገር ገርሞኝ ጠይቄው ነበር፤ አንዳንዶቹ በሁለት ዓይን ያያሉ፣ አንዳንዶቹ ግን ፊታቸውን አዙረው አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። አባቴ «ጻድቅ ፊት ለፊት ያይሃልና ሁለቱም ዓይኑ ይታያል። ክፉ ግን ፊቱን ስላዞረ አንዱ ብቻ ነው የሚታየው። በአንድ ዓይን የተሣለ ሁሉ ከእግዜር ዞሯል ማለት ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ለሠራሁት ሁሉ ሁለት ሁለት ዓይን አደረግሁ፤ ለዶሮው እንኳ።

በመጨረሻ ጅብ ልሥራ አልሁ። ጅብ ያለበት ደጅ ሌላ ጅብ አይደፍርም የሚል የራሴ ሐሳብ ነበረኝ። ከሰባቱ ቤት ጨርቅ ውስጥ ግን የጅብ መልክ ያለው አልተገኘም። የጅብ መልክ ያለው ጨርቅ የት እንዳለ አውቅ ነበር። ከምሰሶው ላይ የተንጠለጠለ ማንም የማይነካው አገልግል ነበር፤ ውስጡ የዳምጤ እጀ ጠባብ አለ። አመድማ ነው፤ ደረቱ ላይ እንጆሪ ሲበላ ያንጠባጠበው፣ ታጥቦ ያለቀቀ ጠይም ነጠብጣብ አለበት።

እናቴ ውሃ ልትቀዳ በወረደችበት ረፋድ አገልግሉን አወረድሁት። ክዳኑን ስከፍት የወንድሜ የራስ ቅቤ ሸተተኝ። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ። ቤቱ ውስጥ ከእኔ ሌላ ሰው እንደሌለ ባውቅም፣ አንድ ሰው ትንፋሹን ይዞ የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር። ከግርጌው እስከ ደረቱ ቆረጥሁ፣ ነጠብጣቡንም ጨመርሁ፤ መቀሱ ጨርቁን ሲበላ የነበረው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። የቀረውን ጠቅልዬ ወተፍሁትና አገልግሉን መልሼ ሰቀልሁ። ጅቡን ትከሻው ከወገቡ ከፍ ብሎ፣ ወደ ጎን ዞሮ እንዲሄድ አድርጌ ለጠፍሁት። ዓይኑንም አንድ ብቻ አደረግሁለት። ጅብ ክፉ ነዋ። ምን እንዳደረግሁ ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር።

ማታ ቤተሰቡ ሲሰበሰብ የአባቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ ይመኙሻል፣ ጣቷን ጅቡ ላይ ቀሰረች።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ውሻ ነው» አልኋት።

«ውሻ! ታዲያ ወገቡን ማን በላው?»

አባቴ ሳቀ። እናቴ ግን ጨርቁን በሌባ ጣቷ ዳሰሰች፣ ነጠብጣቡ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። «ዓይኑን ለምን አጎደልህበት?» ብቻ አለችኝ። «ክፉ ውሻ ስለሆነ ነው» አልሁ። መርፌዋን አንሥታ ዳር ዳሩን ሰፋችው፤ እንደሌሎቹ ሳይሆን በጣም በደቃቁ ሰፋችው።

ክረምቱ ሳይገባ ድሪቶው በእንዶድ ታጠበ። ሙቅ ውሃው ሰሙን አስለቀቀውና ጠርዞቹ ሁሉ መተርተር ጀመሩ፤ ርግቧ ላባ አወጣች፣ አንበሳው ጋማ አበቀለ። ከሁሉም በላይ ፀጉር ያበቀለው ግን ጅቡ ነበር። እጀ ጠባቡ አሮጌና ስስ ስለነበር ነው ብዬ ዛሬ ላስረዳችሁ እችላለሁ፤ ያን ጊዜ ግን በታጠበ ቁጥር የሚያድግ መሰለኝ። በስንዝሬ ለካሁት። መጀመሪያ ስንዝር ከሁለት ጣት ነበር። ሰኔ ላይ ስንዝር ከሦስት ጣት ሆነ። ጣቴ ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ደግሜ ለካሁ፣ ያው ነው። ከዚያ ወዲህ መለካት ተውሁ።

ሐምሌ ላይ ጉሙ ከገደሉ እየወጣ ቀኑን ሙሉ በሩ ላይ ቆሞ ይውል ነበር። ካሰች ድሪቶው ላይ ተቀምጣ እንስሶቹን በየተራ እየነካች የተማረቻቸውን ቃላት ትደረድር ነበር፤ «ዶዶ» ትላለች፣ «ፈስ» ትላለች። አንድ ቀን በቀትር፣ እናቴ ጥጥ እየፈተለች፣ አባቴም ደጃፉ ላይ ቀንበር እየጠረበ ሳለ፣ ካሰች እጇን ጅቡ ላይ አኖረችና ጥርት ባለ አነጋገር፦

«ዳምጤ» አለች።

የእናቴ እንዝርት ወደቀ። የአባቴ መጥረቢያ አየር ላይ ቀረ። ለሦስት ዓመት ያህል ቤታችን ውስጥ ያልተጠራ ስም ነበር፤ ልጅቷ ሌላው ቃሏ ሁሉ ሲኮላተፍ ይህ ብቻ አልተኮላተፈም። እሷ ግን ስቃ፣ የሆነ ሰው የመለሰላት ይመስል ጆሮዋን ወደ ጨርቁ አዘነበለች፣ ከዚያም ከእጇ ቆሎ አንዲት ፍሬ አንሥታ የጅቡ አፍ ላይ አስቀመጠች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ትጠራው ነበር። አባቴ ማን እንዳስተማራት ሁላችንንም ጠየቀ፤ እኔ በመስቀሉ ማልሁ፣ እውነቴን ነበር። እናቴም እኔ አይደለሁም ስትል አንገቷን ነቀነቀች። ቆይቶ ልጅቷ አንድ ሌላ ነገር ጨመረችበት። ጅቡ ፊት ለፊት እየተንበረከከች፣ ፊቷን ወዲያና ወዲህ እያደረገች ታየዋለች፤ ከዚያ ከንፈሯን ትጥልና «ዳምጤ አያየኝም» ትላለች። «አያየኝም።»

ነሐሴ ሲገባ ታመመች። እንደ ዳምጤ ነበር የጀመራት፤ መጀመሪያ ጉንጯ ቀላ፣ ከዚያ መብላት ተወች፣ ከዚያ ዓይኗ ተከፍቶ ማንንም የማያይ ሆነ። ድሪቶውን ሊያነሡባት ሲሞክሩ ግን ከየት ባመጣችው ጉልበት ይዛ ትጮህ ነበር። በሁለተኛው ቀን አክስቴ ይመኙሻል መጣች፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ገብታ አባቴ ፊት ቆመች።

«አንተ ቄሱ! ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። እናንተ እያወቃችሁት አነጠፋችሁለት! የሞተ ልጅ ስም የሚጠራበት ጨርቅ ላይ ልጅ ታስተኛላችሁ?»

«ዝም በዪ እስቲ፣ ልጅቷ ትሰማለች።»

«ትስማ! እሷማ ከእኔ ሌላ የምትሰማው አላት። አቃጥለው። ሳታቃጥለው ካደርህ ነገ መቆፈሪያ ነው የምታነሣው።»

አባቴ በጨርቅ የሚያምን ሰው አልነበረም፤ ግን ሁለት ልጅ የቀበረ ሰው ነበር። «ነገ ከቅዳሴ ስመለስ» አለ። እናቴን አየኋት። እጇ መቀነቷን ይዞ፣ ፊቷ እንደ ግድግዳ ነበር።

እኔ ነበርሁ የማውቀው። የሞት ቤት ጨርቅ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ከዚያም የከፋው ያን ቀን ገባኝ፤ ወንድሜን፣ ያንን ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ ልጅ፣ ፊቱን ከእግዜር ካዞሩት ጋር ቆጥሬዋለሁ። አንድ ዓይን አድርጌለታለሁ። እህቱን እንዴት ይያት? እንዲህ እንዳለ ከተቃጠለ ደግሞ ለዘላለም እንደዞረ ይቀራል፣ ሲሄድም እሷን ይዞ ይሄዳል ብዬ አመንሁ። አሁን ሽማግሌ ሆኜ ይህን ስጽፍ ፈገግ ልል ይገባኝ ነበር፤ ግን አልችልም።

በማግሥቱ የፍልሰታ ጾም ስለነበር ቅዳሴው የሚያልቀው ከቀትር በኋላ ነው። እናቴ ጸበል ልታመጣ ወጣችና ከካሰች ጋር ብቻችንን ቀረን። ጉሙ በሩን አልፎ እስከ ምድጃው ገብቶ ነበር። ማረሻውን ፍም ውስጥ ከተትሁ። አገልግሉን አውርጄ ክዳኑን ስከፍት፣ እኔ ጠቅልዬ የወተፍሁት እጀ ጠባብ በሥርዓት ታጥፎ፣ የቆረጥሁት ጫፍ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ላዩ ላይ የደረቀ አሪቲ ተቀምጦበት ነበር። ለመጮህ አፌን ከፈትሁ፤ ከዚያ እህቴን አየሁና ዘጋሁት። ከእጀ ጠባቡ ጀርባ ለጅቡ አዲስ ራስ ቆረጥሁ፤ ወደ ጎን ሳይሆን ፊት ለፊት የሚያይ። ሁለት ዓይን ከእናቴ ነጠላ ዳር፣ ብሌኑን ደግሞ ከአባቴ ጥቁር ካባ ቁራጭ አደረግሁ። ጧፉን ከጀርባው አሸሁት፣ አዲሱን ራስ በአሮጌው ራስ ላይ አኖርሁት፣ የጋለውን ማረሻ ጠርጌ ተጫንሁት። ሽታው ሲነሣ ካሰች ፊቷን አዞረች። በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗ አንድ ነገር ላይ አረፈ። ያየችው ግን ጅቡን አልነበረም፤ ከትከሻዬ በላይ፣ ከኋላዬ ነበር።

«አየኝ» አለች።

ዞሬ አላየሁም። በሕይወቴ ብዙ የደፈርሁት ነገር አለ፤ ያን ቀን ዞሮ ማየትን ግን አልደፈርሁም። እሷ ዓይኗን ከደነች፣ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ አለ፣ ተኛች።

አባቴ ሲመለስ ማረሻው እጄ ላይ እንዳለ አገኘኝ። ሁሉንም ነገርሁት፤ ስለ አገልግሉ፣ ስለ መቀሱ፣ ስለ አንዱ ዓይን። «ዳምጤን ከክፉዎቹ አድርጌው ነበር» አልሁት፣ ስሙን ጮክ ብዬ። ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ። ጎንበስ ብሎ ድሪቶውን አየ፣ ሁለቱን ዓይኖች በአውራ ጣቱ ነካ፣ እየነካም ቆየ። «ልጄ፣ እግዜር ዓይን በመቁጠር የሚፈርድ መሰለህ?» አለኝ፤ ድምፁ ግን ጸንቶ አልቆመለትም። ድሪቶውን ከልጅቷ ላይ አላነሣውም። እናቴ ስትገባ ጸበሉን ተቀብሎ መጀመሪያ ካሰችን፣ ቀጥሎ ጅቡን ረጨ።

መስከረም ሲጠባ ካሰች አደይ አበባ ልትለቅም እየሮጠች ትወድቅ ነበር። ጸበሉ ነው ያሉ አሉ፤ ትኩሳቱ ራሱ ጊዜውን ጨርሶ ነው የሚሉም አሉ። ይበሉ። እኔ ያየሁትን አውቃለሁ፤ በዚያ ዕድሜዬ በመቀስና በጧፍ ያደረግሁትን ብዙ አዋቂ አያደርገውም። «ዳምጤ» የሚለውን ስም ግን ካሰች ከዚያ ወዲያ ደግማ አልጠራችውም፤ ስታድግ ብንጠይቃትም አላስታወሰችም።

እናቴ ከማረፏ በፊት ባለው በጋ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ የዕድሜ ልክ ኑዛዜዬን ልነግራት ጀመርሁ። «እማ፣ ያ ጅብ እኮ...» ስል እጇን አነሣች።

«እኔ የሰፋሁትን እጀ ጠባብ አላውቀውም? እንጆሪውን ሲያንጠባጥብ የቆጣሁት እኔ አይደለሁም?»

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልተናገሩም?»

«ምን ብዬ? እኔ አገልግል ውስጥ ደብቄው ነበር፤ አንተ አውጥተህ ከእህቱ አጠገብ አስተኛኸው። ልቤ ወደደው። ስትታመም እንኳ ዝም አልሁ፤ እሱ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ። የቀረውንም አጥፌ ያስቀመጥሁት እኔ ነኝ። ማንም ሳይኖር ድሪቶው አጠገብ እቀመጥና አዋራው ነበር።»

ከልጅነቴ ጀምሮ ደረቴ ላይ የነበረ ድንጋይ የወረደልኝ መሰለኝና ሳቅሁ። «በሉ ካሰች ስሙን የሰማችው ከእርስዎ ነዋ!» አልኋት።

እናቴ አልሳቀችም። ትክ ብላ አየችኝ። «እኔ ያዋራሁት ኃይለ ማርያም እያልሁ ነው» አለች። «ያንን ስም ከቀብሩ ወዲህ አፌ ላይ አላደረስሁትም።»

ካሰች ዛሬ አያት ሆና እዚሁ መካነ ሰላም ከእኔ ሁለት መንደር ርቃ ትኖራለች። ሽታው በተመለሰበት ቀን፣ መብራቱን ሳልጠብቅ ሱቄን ዘግቼ በጉሙ ውስጥ እየተደናበርሁ ቤቷ ሄድሁና ድሪቶውን አውጪልኝ አልኋት። ከሳጥን ሥር አውጥታ ዘረጋችው። ርግቧ የለችም፣ ፈረሱ የለም፣ አንበሳውም ክር ሆኖ አልቋል፤ የጅቡም ገላ ጠፍቷል። የቀረው የጅቡ ራስ ብቻ ነው። ሁለት ድርብ ጨርቅ ስለሆነ ጸንቶ ነው፤ ይህን ማንም ሰፊ ያውቃል። ቢሆንም ያለ ገላ ሁለት ዓይን ብቻ ከባዶ ጨርቅ ውስጥ ሲያያችሁ ሰፊነት አይረዳችሁም። ካሰች ጣቷን በዳሩ አስኬደችና «ይሄ እንኳ ያየኛል» አለች፣ ስለ ሌላ ነገር እንደምታወራ ሆና፣ ከዚያም አጥፋ ወደ ሳጥኑ መለሰችው።

አሁን የምጠቀምበት ማጣበቂያ ሽታ የለውም፣ ውሃም አያስለቅቀውም፤ የዛሬ ልጆችም የሞተባቸውን ሰው ፎቶ ግድግዳ ላይ ሰቅለው ስሙን እንደፈለጉ ይጠሩታል፣ ደግም አደረጉ። እኔ ለጅብም ቢሆን ሁለት ዓይን ነው የማደርገው፤ ደንበኞች «ጋሼ፣ ወደ ጎን የሚሄድ ጅብ ሁለተኛውን ዓይን ከየት አመጣው?» እያሉ ሲስቁ፣ እኔ የፈጠርሁት አሣሣል ነው እላቸዋለሁ። ብቻዬን ስሆን ግን፣ ዓይኖቹን ለጥፌ ካውያውን ከማንሣቴ በፊት፣ የወንድሜን ስም አንድ ጊዜ እጠራለሁ። ያን ጊዜ ማንም ሳይጠራው አንዲት ሕፃን ትሰማው ነበር፤ ዛሬ እኔ ጮክ ብዬ እየጠራሁት፣ ማጣበቂያው በርዶ እስኪጠነክር ድረስ ቆሜ አዳምጣለሁ።